ማርስ ላይ ስለበቀለው ድንች፦ እዚህና አገር ቤት የሚባለው

የአንዲ ዊር “ዘ ማርሺያን” ልቦለድ እዚህ አሜሪካ ውስጥ ስሌት የሚወድ አንባቢ ነው የገጠመው። ደራሲው በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ምዕራፎቹን አንድ በአንድ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ማውጣት ሲጀምር፣ ኬሚስትሪና ምሕንድስና የሚያውቁ ሰዎች እያነበቡ «እዚህ ጋ ቁጥሩ አይሆንም» ይሉት ነበር፤ እሱም ያርማል። በ2011 በ99 ሳንቲም የሚሸጥ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ሆነ፤ በ2014 በትልቅ አሳታሚ ታተመ፤ በ2015 ፊልም ተሠራበት። ታሪኩ አጭር ነው። ማርክ ዋትኒ የሚባል ጠፈርተኛ፣ ጓደኞቹ ሞቷል ብለው ትተውት ሲሄዱ ማርስ ላይ ብቻውን ይቀራል። ምግቡ እስከሚቀጥለው ተልእኮ አያደርሰውም። ስለዚህ ለበዓል ከመጡ 12 ጥሬ ድንቾች ተነስቶ 126 ካሬ ሜትር እርሻ ያቋቁማል።

አገር ቤት ስለዚህ መጽሐፍ ወይም ስለ ፊልሙ የሚሰጠው አስተያየት መልኩ ሌላ ነው። የሰውየው ጽናት ይወደሳል፤ ቀልዱ የወደደውም የሰለቸውም አለ፤ ገጸ ባሕሪው ውስጡ አይታይም፣ አያዝንም፣ አይናፍቅም የሚል ወቀሳም አለ። ወቀሳው ትክክል ይመስለኛል፤ እዚህም ብዙ አንባቢ ይለዋል። ቁጥሩ ግን ሳይነካ ይታለፋል። የእኛ የሂስ ልማድ ቋንቋን፣ አወቃቀርንና መልእክትን ይመረምራል እንጂ «ይህን ያህል ውኃ ከየት መጣ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚያስቆጨኝም ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከመጽሐፉ ስሌቶች ዋናውን፣ ማለትም እርሻውን፣ ከማንም በተሻለ ሊመረምር የሚችለው አገር ቤት ያለው አንባቢ ነው።

እዚህ ብዙ የተባለለት ነፋሱ ነው። መጽሐፉ የሚጀምረው በሰዓት 175 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ማዕበል ነው፤ ማዕበሉ አንቴና ነቅሎ ዋትኒን ይመታዋል፤ መንኮራኩሩንም ሊገለብጥ ይደርሳል። የማርስ አየር ግፊት ግን ከምድር አንድ በመቶ አይሞላም። የአንዱ ሜትር ኩብ አየር ክብደት 20 ግራም ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ከ900 ግራም በላይ ነው። የነፋስ ግፊት የሚሰላው የአየሩን እፍጋት በፍጥነቱ ካሬ አባዝቶ ለሁለት በማካፈል ነው። ቁጥሩን ካስገባን፣ ያ የማርስ ማዕበል አዲስ አበባ ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍስ ነፋስ ያህል ነው የሚገፋው። ይህ አቧራ ያስነሳል፣ ነጠላ ይገፍፋል እንጂ ብረት አይነቅልም። ዊር ራሱ ይህን እያወቀ እንደጻፈው በይፋ ተናግሯል፤ ተፈጥሮ የመጀመሪያውን ምት እንድትመታ ፈልጎ ነው። እኔ ይህን ይቅር እለዋለሁ። አንድ የታወቀ ስህተት መግቢያው ላይ ተቀምጦ ሌላው ሁሉ በሕጉ ከሄደ አንባቢው አይታለልም።

የውኃው ስሌት ደግሞ የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ነው። ዋትኒ የተረፈውን የሮኬት ነዳጅ፣ ሃይድራዚንን፣ ኢሪድየም በሚባል ብረት ላይ እያንጠባጠበ ወደ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ይከፍለዋል፤ ከዚያ ሃይድሮጅኑን በኦክስጅን ያቃጥለዋል። ወረቀት ላይ ስታሰሉት ይሠራል፦ 1 ኪሎ ሃይድራዚን 125 ግራም ሃይድሮጅን ይሰጣል፤ ያ ከ1 ኪሎ ኦክስጅን ጋር ሲቃጠል 1 ኪሎ ከ125 ግራም ውኃ ይወጣል። ለ250 ሊትር ውኃ ወደ 222 ኪሎ ሃይድራዚንና ያንኑ ያህል ኦክስጅን ያስፈልጋል ማለት ነው። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ነው፦ ሳይቃጠል የቀረ ሃይድሮጅን ዋትኒ በሚኖርበት ዝግ ቤት ውስጥ ይጠራቀማል፤ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ ደግሞ ለእሳት ይበቃል። ሁለተኛውን አንባቢዎች ናቸው ያነሱት፦ ሙቀቱ። እያንዳንዱ ሊትር ውኃ ሲሠራ ወደ 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይለቀቃል። በቀን 20 ሊትር ብትሠሩ ሌት ተቀን የማይጠፋ 4 ኪሎዋት ማሞቂያ ዝግ ቤት ውስጥ እንደማኖር ነው። ይህን ወደ ውጭ የሚያወጣ ዘዴ ከሌለ ሰውየውን የሚያሰጋው ብርድ ሳይሆን ሙቀት ነው።

አሁን ወደ ድንቹ። ዋትኒ ድንቾቹን አራት አራት ቦታ ይቆርጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ ሁለት ዓይን እንዲኖረው ያደርጋል፤ የተቆረጠው ፊት እስኪደርቅ ጠብቆ ይተክላል። እስከዚህ ድረስ ማንም የግብርና ባለሙያ አይነቅፈውም። (አገር ቤት ቆርጦ መትከል የማይመከረው አጠውላጊ በሽታ በቢላዋ ስለሚተላለፍ ነው፤ የእንቁላል ያህል ያለውን ዘር በሙሉው መትከል ይሻላል። ማርስ ላይ ግን በሽታውን የሚያመጣ አፈር የለም።) 12 ድንች ለአራት ሲቆረጥ 48 ቁራጭ ነው። በኢትዮጵያ የሚመከረው ርቀት በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ 48ቱ ቁራጭ የሚሸፍነው 11 ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም። 126ቱን ለመሙላት 560 ተክል ያስፈልጋል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምርት በሙሉ ለዘር ነው የሚሆነው። አንዱ ተክል ስምንት ድንች ቢሰጥ 384 ይሆናል፤ ከፊሉን ለሁለት ቆርጦ 560 መድረስ ይቻላል። ግን ከመሬት የወጣ ድንች ወዲያው አይበቅልም። እንደ ዝርያው ሁለት ሦስት ወር ይተኛል፤ ዓይኑ የሚነቃው ከዚያ በኋላ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ትናንሾቹ ድንቾች እንደወጡ ተመልሰው ይተከላሉ፣ ያድጋሉም። ዘር ድንች ሲያስቀምጥ የኖረ የወሊሶ ወይም የሻሸመኔ አካባቢ ገበሬ መጽሐፉን ዘግቶ «ሳይነቃ እንዴት በቀለ?» የሚለው እዚህ ጋ ነው። ለእድገት መቶ ቀን፣ ለእንቅልፍ ሁለት ሦስት ወር ስንደምር፣ እርሻው በሙሉ የሚሸፈነው ከግማሽ ዓመት በኋላ ነው።

ሌላው የአፈሩ ጥልቀት ነው፦ 10 ሳንቲ ሜትር። ድንች ሁለት ሦስት ጊዜ ይኮተኮታል፣ አፈር ያስታቅፉታል። ያ ካልተደረገ ከላይ የቀረው ድንች ብርሃን አግኝቶ አረንጓዴ ይሆናል፤ ይመራል፤ ሶላኒን የሚባለው መርዝም ይበዛበታል። በ10 ሳንቲ ሜትር አፈር ላይ የሚያስታቅፉት ትርፍ አፈር የለም።

ምርቱንስ? የአገራችን አማካይ በሄክታር 140 ኩንታል ገደማ ነው። በዚህ ሒሳብ 126 ካሬ ሜትር 1.76 ኩንታል ይሰጣል። አንድ ኪሎ ድንች 770 ኪሎ ካሎሪ አለው፤ ሰውየው በቀን 1,500 ቢመገብ ምርቱ 90 ቀን ያቆየዋል። ተክሉ ለመድረስ ከ100 እስከ 120 ቀን ይወስዳል፤ ስለዚህ አማካዩን የሚያመርት ሰው ማርስ ላይ ይራባል። እንደ ጉደኔ ወይም በለጠ ያለ የሆለታ ምርምር ማዕከል ያወጣው ዝርያ በጥሩ እንክብካቤ በሄክታር 300 ኩንታል ሲሰጥ ግን 190 ቀን ያህል ይዘልቃል። ለዘር የሚቀረውን 22 ኪሎ ቀንሶም ይተርፋል። የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ ይቆማል፤ የሚቆመው ግን በጥሩ ዘርና በጥሩ ገበሬ ነው።

ይህ ሁሉ ብርሃን ካለ ነው። የቤት መብራት ለድንች አይበቃውም። በካሬ ሜትር 100 ዋት የሚወስድ ጥሩ የኤል.ኢ.ዲ. መብራት ብንሰጠው 126 ካሬ ሜትር 12.6 ኪሎዋት ይፈልጋል፤ ሦስት አራት የኤሌክትሪክ ምጣድ በቀን 12 ሰዓት እንደ መጣድ ነው። ማርስ ላይ ያለው የፀሐይ ኃይል ከምድር 43 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ ከማዕበሉ ይልቅ የታሪኩ ትልቁ ክፍተት ይህ ይመስለኛል።

አፈሩም የራሱ ጣጣ አለው። በ2008 ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር የማርስ አፈር ውስጥ ፐርክሎሬት አገኘች፤ በክብደት ግማሽ በመቶ ገደማ። ይህ ጨው የእንቅርት እጢ አዮዲን እንዳይወስድ ይከለክላል። የአዮዲን እጥረት በደጋው ሕዝብ ላይ ምን እንዳደረገ የሚያውቅ የእኛ የጤና ባለሙያ ከማንም ቀድሞ የሚይዘው ነጥብ ነው። ፐርክሎሬት በውኃ ይታጠባል፤ ዋትኒ ግን ውኃውን ከሮኬት ነዳጅ ነው የሚሠራው፤ 12.6 ሜትር ኩብ አፈር አጥቦ የሚደፋው ውኃ የለውም።

እዚህ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የንባብ ክበብ ውስጥ ጡረታ የወጣ መሐንዲስና የሥነ ጽሑፍ መምህር አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ስለ ነፋሱ፣ ሌላው ስለ ገጸ ባሕሪው ያወራል፤ ሁለቱም ይደማመጣሉ። ድንች የተከለ ሰው ግን ከመካከላቸው እምብዛም አይገኝም። አገር ቤት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ የሥነ ፈለክ ባለሙያ፣ የሆለታ የድንች ተመራማሪና ሃያሲ ስለዚህ መጽሐፍ አብረው ቢወያዩ፣ እዚህ ከሰማሁት ሁሉ የበለጠ ውይይት ይወጣዋል ብዬ አምናለሁ። ሊማ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል ከናሳ ሰዎች ጋር ሆኖ ከፔሩ በረሃ በመጣ ጨዋማ አፈር ላይ ድንች ማብቀልን ሞክሯል፤ ይህም የመጽሐፉ ጥያቄ የግብርና ጥያቄ መሆኑን ያሳያል።

የሆለታው ሰው ለዋትኒ ምን እንደሚለው መገመት አይከብድም። 126ቱን በአንድ ጊዜ አትትከል፤ ለሦስት መደብ ከፍለህ በየአርባ ቀኑ አንዱን ትከል፤ ከእያንዳንዱ ምርት ዘር የሚሆነውን አስቀድመህ ለይ፤ ዘሩን ጨለማ ውስጥ አትቆልል፣ ደብዛዛ ብርሃን በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ በስሱ ዘርጋው፣ ቡቃያው አጭርና ወፍራም እንዲሆን። ከዚያ በኋላ ከእንቅልፉ የነቃ ዘር በየጊዜው እጅህ ላይ ይኖራል፤ አንዱ መደብ ቢበላሽም ሌላው ይቀርሃል።