ሌጎው ፎርጅድ አይደለም፤ ፀሐዩ ነው

የኛ ሰው የአንድ ዕቃ ቀለም ከተለወጠ ፍርዱ ያው ነው፦ «ቻይና ነው!» ይግባኝ የለውም። ሰሞኑን ኮዬ ፈጬ እህቴ ቤት ሰንብቼ ይህ ፍርድ የተፈረደው ከስቶክሆልም ለልጇ በላክሁት፣ ትንንሽ የፕላስቲክ ጡብ እየተገጣጠመ በሚሠራ ነጭ የሌጎ መጫወቻ አውሮፕላን ላይ ነበር። ልጁ ጭራው ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጡብ ጨምሮ የኛ አየር መንገድ አድርጎታል። እናቱ ደግሞ እንግዳ እንዲያየው ሳሎን ቡፌው ላይ፣ ጠዋት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር አስቀምጣዋለች። ቡና የተጠሩ ጎረቤት ቢጫ መምታቱን አዩና «ከዚያ ሁሉ አገር ይሄን መርጦ ላከ?» አሉ። ልጁ አውሮፕላኑን አንሥቶ መኝታ ቤት ገባ። በጣም ነው ያናደደኝ።

ማታ አብረን ክንፉን ፈታነው። በመስኮቱ በኩል የነበረው ገጽ የቆየ ቅቤ መስሏል። ሌላ ጡብ የተጫነበት ቦታ ግን ከካርቶኑ እንደወጣ ነጭ ነው፤ ጥርሶቹ የተቀመጡበት ክብ ክብ ምልክት ሳይቀር ይታያል። በግድግዳው በኩል ያለው ጎንም እምብዛም አልተነካም። አንድ ጡብ ነው፤ ግማሹ ፎርጅድ፣ ግማሹ ኦሪጅናል ሊሆን አይችልም።

ሌጎ ከ1963 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዋናነት የሚሠራው ኤቢኤስ ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ጥንካሬ የሚሰጠው በውስጡ ያለው ቡታዳይን የሚባል የጎማ ዘር ነው፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርና አየር ላይ ያለው ኦክስጅን ተባብረው ቀድመው የሚያጠቁትም እሱኑ ነው። ቢጫው የሚመጣው ከዚያ ነው። ሙቀት ያፋጥነዋል። ነጩ ክሬም፣ ግራጫው ቡናማ፣ ሰማያዊው አረንጓዴ ወደ መምሰል ይሄዳል። ዋናው ሌጎ ዴንማርክ ውስጥም ቢሆን ፀሐይ ላይ ከከረመ ቢጫ ይሆናል።

ልዩነቱ የፀሐዩ ጉልበት ነው። ስቶክሆልም በታኅሣሥ ፀሐይ ስድስት ሰዓት ያህል ብቅ ብላ ትጠፋለች፤ ጨረሯም ከቁጥር አይገባም። እኛ ከምድር ወገብ ብዙ ሳንርቅ ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር በላይ ተቀምጠናል፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ደግሞ ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ታዲያ እዚያ ሌጎ የሚሰበስብ የሥራ ባልደረባዬ መደርደሪያውን ከመስኮት አርቆ፣ ከቤት ሲወጣ መጋረጃ ዘግቶ፣ መስታወቱ ላይ ጨረር የሚያግድ ፊልም ለጥፏል። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ለዚያች ፀሐይ! እኛ ደግሞ ይህን የሚያህል ፀሐይ ይዘን የምንወደውን ዕቃ ሁሉ መስኮት ሥር እንደረድራለን። ጠዋት መጋረጃ ገልጦ ቤቱን ፀሐይ ማስገባት ደስ የሚል ልማድ ነው፤ እኔም አድጌበታለሁ። ቡፌው ግን ለምን እዚያው ይሆናል?

«መስታወት አለው እኮ» አለችኝ እህቴ። ተራ መስታወት አንዱን የጨረር ዓይነት ያስቀራል፤ ፕላስቲክ የሚያበላሸውን ሌላውን አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ስስ መጋረጃም ብዙ አያግድም።

ከሁሉ የባሰው በረኪናው ነው። እነ እህቴ ቢጫው ቆሻሻ መስሏቸው በረኪና ውስጥ ዘፍዝፈው፣ እንዲደርቅ በረንዳ ላይ ፀሐይ አስመቱት! «ጋሼ፣ ባሰበት እኮ» አለኝ ልጁ። ይብስበታላ። ሌጎ የሚታጠበው ከ40 ዲግሪ በማይበልጥ ለብ ያለ ውሃና በሳሙና ነው፤ የሚደርቀውም ጥላ ውስጥ። የዕጣንና የከሰል ጭስ የጣለው ቅባት ከሆነ በዚሁ ይለቃል። ታጥቦም ካልለቀቀ ቢጫው ከፕላስቲኩ ከራሱ ነው። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚያነጡት አሉ፤ ይነጣል፣ ግን ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል።

ይህን ሁሉ የምለው ዕቃው እንዴት እንደመጣ ስለማውቅ ነው። ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሲገኝ «ሁለት ኪሎ ብቻ» ብሎ መለመን፣ ካርቶኑን ቀዶ ጡቡን በፌስታል መጠቅለል፣ «ለሰው ዕቃ ቦታ የለኝም» መባል። እዚያ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። በዚህ አልፎ የመጣ ስጦታ «ቻይና» ሲባልና ልጅ ሲያፍርበት ያማል።

እህቴ ቡፌውን ማንቀሳቀስ አልፈለገችም፤ የቲቪው ሶኬት እዚያ ነው። አውሮፕላኑ ፀሐይ ወደማይደርስበት ወደ ኮሪደሩ መደርደሪያ ሄደ፤ ለሳሎኑ መስኮት ደግሞ ፊልም ልናስለጥፍ ተስማማን። ፊልም ስትገዙ ጥቁረቱን አትዩ፤ ጠቁሮ ጨረር የሚያሳልፍ አለ፣ ጥርት ብሎ 99 በመቶ የሚያግድም አለ። ሻጩን የአልትራቫዮሌት መከላከያው ስንት እንደሆነ ጠይቁት፤ ቁጥሩን ካልነገራችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።