ከፈጣኑ ይልቅ የሚበረክተው ካታሊስት

መንግሥት በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር በጎዴ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለማቋቋም ሲፈራረም፣ ለዩሪያ ማዳበሪያው የሚያስፈልገው ሃይድሮጅን በሶማሌ ክልል ካሉት የካሉብና የሂላላ የተፈጥሮ ጋዝ ቦታዎች እንዲገኝ ታስቦ ነው። ስምምነቱን አልቃወምም፤ ማዳበሪያ ከውጭ እየገዙ መኖር ገበሬያችንን ምን ያህል እንዳስጨነቀው አይተናል። ይሁን እንጂ ሃይድሮጅን ከውኃም ይገኛል። ግብፅ አስዋን ላይ በግድብ ኤሌክትሪክ ውኃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን እየሰነጠቀች ለአሥርት ዓመታት ማዳበሪያ አምርታለች። በኋላ ወደ ጋዝ ዞረች።

ውኃ መሰንጠቅ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። ለአንድ ኪሎ ሃይድሮጅን በስሌት 39 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃል፤ በተግባር ግን 50 እና ከዚያ በላይ ይወጣል። ከብክነቱ ትልቁ ድርሻ ኦክስጅን በሚወጣበት ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪኩን ከውኃው ጋር የሚያገናኘው ብረት) ላይ ነው፤ ብክነቱን የሚቀንሰው ደግሞ ካታሊስት፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ነገር ነው። በአሲድ የሚሠሩት ውኃ ሰንጣቂ መሣሪያዎች በካታሊስትነት የሚደገፉበት ኢሪዲየም የተባለ ብርቅ ማዕድን በዓለም ዙሪያ በዓመት 10 ቶን እንኳ አይመረትም። ስለዚህ የእኔ ተስፋ ኒኬልና ብረት ናቸው።

የሁለቱ ታሪክ ሁሌም ይገርመኛል። ለዓመታት ጉብዝናው የኒኬል ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ዴኒስ ኮሪጋን የተባለ ተመራማሪ፣ ኒኬሉ ውስጥ የገባች ጥቂት የብረት ጉድፍ ሥራውን እጅግ እንደምታፋጥን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካው ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኒኬሉ የሚነከርበትን ፈሳሽ ከብረት አጥርተው ሲሞክሩት ኒኬል ለብቻው ደካማ ሆኖ ተገኘ። ቆሻሻ ተብሎ የተናቀው ነበር ዋናው ሠራተኛ!

ብረቱ ግን ሥራ ላይ እያለ ቀስ በቀስ እየሟሟ ወደ ፈሳሹ ይሄዳል። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ብዙ የምርምር ጽሑፎች የሚፎካከሩት በመነሻ ፍጥነት ነው፤ ሙከራው በክፍል ሙቀት፣ በአነስተኛ ኤሌክትሪክ፣ ለጥቂት ሰዓታት ይካሄዳል። ፋብሪካ ውስጥ ያለው ካታሊስት ግን በትኩስና ብረታ ብረትን በሚያበላሽ ፈሳሽ ውስጥ ለአሥር ሺዎች ሰዓታት መቆየት አለበት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በመሣሪያው ውስጥ ኤሌክትሪኩ ወደ ኋላ ይፈስሳል፤ ይህ መመላለስ ኒኬሉን ይጎዳዋል።

መብራት ሄዶ መምጣትን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። የኒኬልና የብረት ሙከራ ደግሞ ውድ ማዕድን አይጠይቅም። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የኬሚስትሪ ክፍሎች አንዱን ኤሌክትሮድ አንድ ሺህ ጊዜ አጥፍተው ያብሩት፤ ከዚያ በኋላ ምን ያህል አቅም እንደቀረው ለክተው ያሳትሙ።