ለንጹሕ ጉሮሮ የቀረበ ውዳሴ

ሰሞኑን አውስትራሊያ ውስጥ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ሰፈር ከሚኖር አንድ ወዳጄ ጋር በስልክ ስንጫወት፣ ስታዲየም ገብቶ ሕዝቡ በአንድ የነባር ሕዝቦች ተወላጅ ተጫዋች ላይ ሲጮኽ እሱም አብሮ መጮኹን በኩራት ነገረኝ። «ሁሉም ሲጮኽ ዝም ብሎ መቀመጥ ያሳፍራል፤ ደግሞም የጮኽነው ስለ ቀለሙ ሳይሆን ስለ ባሕርዩ ነው» አለኝ። ይህችን ማስተባበያ ያልሰማ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። እንዲህ ያለውን ከዘረኝነት የጸዳ ጩኸት ሳያመሰግኑ ማለፍ ደግሞ ንፉግነት ይሆናል።

ጥበቡ ከፍተኛ ደረጃ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። አዳም ጉድስ የአድንያማትሃና እና የናሩንጋ ሕዝቦች ተወላጅ ሲሆን፣ ለሲድኒ ስዋንስ ክለብ 372 ጨዋታዎችን የተሰለፈ፣ ኳሱ በእጅም በእግርም የሚያዝበት የአውስትራሊያ ፉትቦል ኮከብ ተጫዋች የሚሸለመውን የብራውንሎው ሜዳሊያ በ2003 እና በ2006 የወሰደ፣ በ2005 እና በ2012 ዋንጫ ያነሣ፣ በ2014 ደግሞ የዓመቱ አውስትራሊያዊ ተብሎ የተመረጠ ሰው ነው። በ2015 ኳስ በነካ ቁጥር ተመልካቹ ይጮኽበት ነበር። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ፣ ቅጣት ምት ለማግኘት ራሱን ይጥላል አሉ። እንዴት ያለ ለፍትሕ የቆመ ጉሮሮ ነው! በዚያ ሜዳ ላይ በአንድ ጊዜ 36 ሰዎች እየተጋፉ ሲሮጡ፣ ዳኛ ለማታለል የሚወድቀው አንዱ ብቻ መሆኑን ለይቶ ማወቅ ቀላል ችሎታ አይደለም። ሌሎቹ የሚወድቁት፣ እንደሚታወቀው፣ ምድር ስለምትስባቸው ነው። ከ1999 ጀምሮ የተጫወተው ሰው አወዳደቁ የከፋው ስለ ዘረኝነት በአደባባይ መናገር ከጀመረ በኋላ መሆኑንም የአጋጣሚ ነገር አድርገን እናልፈዋለን።

እኔ ከሁሉ የማደንቀው ግን ጦሩን ያዩትን ነው። በዚያው ዓመት በሜይ መጨረሻ፣ ሊጉ የነባር ሕዝቦችን ባህል ለማክበር በመደበው ሳምንት፣ ጉድስ ካርልተን በተባለው ክለብ ላይ ጎል አስቆጥሮ ከነባር ሕዝቦች ታዳጊ ተጫዋቾች የተማረውን የጦርነት ጭፈራ አሳየ፤ መጨረሻው ላይም ወደ ተመልካቹ የሆነ ነገር እንደሚወረውር ሰው እጁን ሰነዘረ። በእጁ ላይ ምንም አልነበረም። ሊቃውንቱ ጦር ነው፣ የለም ቡሜራንግ የሚባለው ቆልማማ መወርወሪያ እንጨት ነው እያሉ ቢለያዩም፣ ተወርውሮብናል በሚለው ላይ ግን ተስማሙ። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ጥያቄ ያ ጦር የት ወደቀ የሚለው ነው። ስንተኛው ረድፍ ላይ ተሰካ? ቢራ ይዞ የተቀመጠውን ሰውዬ ብርጭቆ ሰብሮበት ይሆን? በር ላይ ቦርሳ የሚበረብሩት ጥበቃዎች ያን የሚያህል ርዝመት ያለው ባዶ አየር ሲገባ እንዴት ዝም ብለው አሳለፉ? ቁስለኞቹስ ወደየትኛው ሆስፒታል ተወሰዱ? ሐኪሙ የሌለውን ጦር ከሌለው ቁስል ሲነቅል ማደንዘዣ ሰጥቷል ወይስ በሽተኛው እያየ ነው የነቀለው? ጦሩ በኤግዚቢትነት ተይዞ ከሆነ በየትኛው ሣጥን እንደተቀመጠ፣ ሣጥኑን የሚጠብቀው ዘብስ ጦሩ አለመሰረቁን በምን እንደሚያረጋግጥ ሊነገረን ይገባል። በዚህ ሕግ ከሄድን፣ ሰርግ ላይ ከዘራቸውን እየነቀነቁ የሚፎክሩ አባቶቻችን በሙሉ በግድያ ሙከራ፣ እልል የሚሉ እናቶቻችን ደግሞ በግብረ አበርነት በተከሰሱ ነበር። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን እዚያው አውስትራሊያ ውስጥ ምላሱን አውጥቶ ሃካ የተባለውን የማኦሪ ሕዝብ ጭፈራ ሲጨፍር ግን ትኬት ተገዝቶ ይጨበጨብለታል፤ የጎረቤት ነባር ሕዝብ ጭፈራ ጦር የለውማ።

ሽሙጡ እዚህ ላይ ይቁም። በ2013 ሜልበርን ላይ ይህን ሰው ዝንጀሮ ብላ የሰደበችው የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። ጣቱን ቀስሮ ለጥበቃዎች አሳያት፤ በማግስቱ ግን በልጅቱ ላይ እንዳይፈረድባትና ድጋፍ እንዲደረግላት በአደባባይ ለመነ። ከዚያ በኋላ ሕፃን ያሳቀቀ ጨካኝ ተብሎ ተከሳሽ የሆነው እሱ ነው! ከዚያ 20 ዓመት በፊት፣ በ1993፣ ሌላው የነባር ሕዝቦች ተወላጅ ተጫዋች ኒኪ ዊንማር ለሰደበው ሕዝብ ማልያውን ገልጦ ጥቁር ቆዳውን በጣቱ አሳይቶ ነበር፤ ልጅቱ ስድቡን ከማሕፀን ይዛው አልመጣችም፣ ከትልልቆቹ አፍ ነው የሰማችው። ሰውን በቆዳው ሰድቦ፣ ተሰዳቢው «አመመኝ» ሲል መልሶ አልቃሻ የሚለው አፍ የቆሸሸ አፍ ነው፤ ሺዎች አብረው ስለጮኹ አይጸዳም። ወዳጄም ቢሆን ነገ ትራም ላይ «ወደ መጣህበት ሂድ» የተባለ ዕለት ስልክ ደውሎ የሚያማርረው ለእኔው ነው።

ወደ ምስጋናው ልመለስ። ጉድስ በ2015 ጫማውን ሲሰቅል፣ ለተሰናባች ተጫዋቾች በሚዘጋጀው የዋንጫ ቀን ሽኝት ላይ አልተገኘም። በ2019 ሊጉና 18ቱ ክለቦች ይቅርታ ጠየቁት። በ2021 በሊጉ የክብር መዝገብ እንዲገባ ሲታሰብ ደግሞ ይቅርብኝ አለ። ለንጹሕ ጉሮሮዎች ከዚህ የበለጠ የባሕርይ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ክብር የሚገፋ ሰው ለአንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ቢጮኹበት ይገባዋል፤ ያስቸገራቸው ሰውየው ጡረታ መውጣቱ ብቻ ነው። ስለዚህ አሁን ራሱን የሚጥል ሌላ ተጫዋች እየፈለጉ ናቸው። የሚገኘው ተጫዋች ቆዳው ምን ዓይነት እንደሚሆን እኔ ከወዲሁ ብገምት ዘረኛ ይሉኛል።