ደግነታችሁ ቆዳ ሲገፍፍ

የወሎ ሰዎች ሆይ፣ ደግነታችሁን አላማም፤ ያደግሁበት ነው። መንገደኛ ሳታበሉ አትሰድዱም፣ በአንድ ጀበና ዙሪያ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይመርቃል። ነገር ግን ክኒን ቆሎ አይደለም፤ እየተዘገነ ለጎረቤት አይታደልም።

ደሴ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ዘመድ ሳስታምም፣ ከአጠገባችን ከኩታበር በኩል የመጣች ለጋ ልጅ ተኝታ ነበር። ሽንት ሲያቃጥላት ጎረቤት ከራሷ የተረፈውን ነጭ ክኒን በደብተር ቅዳጅ ጠቅልላ ሰጠቻት። ከሳምንት በኋላ ትኩሳት ያዛት፣ ዓይኗ ቀላ፣ ከንፈሯ ቆሳሰለ። «ምች ነው» ተባለና በዳማከሴ ታሸች። ሰውነቷ ውኃ ሲቋጥር ደግሞ «አልማዝ ባለጭራ ናት» ተባለ። ሆስፒታል ስትደርስ የጀርባዋ ቆዳ ከአንሶላው ጋር ይላጥ ነበር።

ሐኪሙ አክስቷን ጠየቃት፤ «ምን መድኃኒት ወስዳለች?»

«ምንም።»

በማግስቱ ደግሞ ጠየቃት። «ወላሂ ምንም!»

ሌሊት ላይ ግን ያቺው አክስት የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ያንኑ ክኒን ታወጣለች። የጀመረችውን ካልጨረሰች አይሽርላትም ባይ ናት። የልጅቷ አፍ ቆስሎ መዋጥ ስላቃታት በውኃ እየበጠበጠች በማንኪያ ታጠጣታለች። ይህን አይቼ ለነርሷ ብናገር ክፍሉ ሁሉ እንደ ጆሮ ጠቢ አየኝ። አክስቲቱም አለቀሰች፤ «በደግነት የሰጠችንን ሰው እንዴት አሳልፌ እሰጣለሁ?»

ክኒኑ ኮትሪሞክሳዞል ነበር፣ ብዙዎቻችሁ ባክትሪም የምትሉት። የብዙ ሰው ሕይወት ያተረፈ መድኃኒት ነው፤ ጥቂት ሰዎችን ግን እንዲህ ያቃጥላል። ሕመሙ ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድሮም ይባላል፣ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1922 የገለጹት ነው። ለሪህ የሚሰጠው አሎፑሪኖል፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒንና ፌኒቶይንም ያመጡታል። አብዛኛውን ጊዜ ብቅ የሚለው መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ4 እስከ 28 ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ሰው ክኒኑን ሳይጠረጥር ፀሐይን ይጠረጥራል። የተላጠው ቆዳ ከሰውነት 30 በመቶ ካለፈ ከሦስት ሕሙማን አንዱ ገደማ ይሞታል። ከሁሉ የሚቀድመው ሕክምና ያቃጠለውን መድኃኒት ወዲያው ማቆም ነው። ስሙ የተደበቀውን ማን ያቁመው?

አክስቲቱን ልጠላት ሞክሬ አልሆነልኝም። ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብላ ዝንብ ስታባርርላት አይቻለሁና። ጎረቤቲቱም ክፉ አላሰበችም። ጠያቂዎቹን ግን ምን ልበላችሁ? ይተላለፍብናል ብለው ከበር ላይ ሆነው በአፍንጫቸው ነጠላ ይዘው ያዩአት ነበር። የማይተላለፈውን ሸሹ። ነርሷ የቀረውን ክኒን ልትጥል ስትል ደግሞ አንዱ ሽማግሌ «ኧረ አይጣል፣ ለሌላ ሰው ይሆናል!» አለ። ያንን ቆዳ እያየ! ከመካከላችሁ አንድ ሰው እንኳን አልደነገጠም። ይህን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ከባቲ እስከ ወልድያ ያላችሁ ባለ መድኃኒት ቤቶች፣ ስም በሌለው ላስቲክ ክኒን እየቆጠራችሁ የምትሸጡ፣ እናንተም ከዚህ አታመልጡም። ጤና ጣቢያ ያላችሁም ብትሆኑ፣ መድኃኒት ሰውን ሲጎዳ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ ስልክ 8482 ማሳወቅ እየተቻለ ስንቶቻችሁ ደወላችሁ?

እኛስ? ሐኪም ፊት ስንቀርብ የዋጥነውን ከመናገር ኃጢአታችንን መናገር ይቀልለናል። የበላነውን በግ ቀለም የምናስታውስ ሰዎች የዋጥነውን ክኒን ስም አናውቅም። መጠቅለያውን አትጣሉ። የሰው ክኒን አትቀበሉ። ክኒን በጀመራችሁ ሰሞን ከንፈር ከቆሰለ፣ ዓይን ከቀላ፣ ቆዳ ካቃጠለ ዳማከሴውን ተዉትና መጠቅለያውን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሩጡ። ብዙ ጊዜ ተነግሯችኋል፤ እኔም እንደምትረሱት እያወቅሁ ነው የምጽፈው።

ልጅቷ ተርፋለች፤ ዓይኗ ግን ብርሃን አይችልም። ሐኪሙ የመድኃኒቱን ስም በወረቀት ጽፎ፣ ለሕክምና በሄደችበት ሁሉ እንድታሳይ ለቤተሰቡ ሰጠ። ከቤቱ ማንበብ የሚችለው የ7ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ወንድሟ ብቻ ነው። ከሆስፒታሉ ሳይወጡ ስሙን ደጋግሞ እየጠራ በቃሉ ያዘው። ተስፋዬን እናንተ ላይ ብጥለው ደስ ባለኝ፤ ለጊዜው ግን እሱ ላይ ነው።