ኩንታሉ ሳይጎድል ምግቡ ሲጎድል

ሁለት ወዳጆቼ ግብርና፣ የአየር ንብረትና ጤና በአንድ የምግብ ፖሊሲ ይያዙ ወይስ ለየብቻ በሚለው ጉዳይ አጥብቀው ተከራከሩ። እሱ ዕድሜውን በግብርና ሥራ ያሳለፈ፣ እሷ የሕፃናት ሐኪም ናት።

«ስሚኝ እህቴ፣» አላት፣ «ግብርናው ያምርት፣ የአየር ንብረቱን ለውጥ የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች ይከታተሉት፣ በሽታውን እናንተ አክሙ። ሦስቱን አንድ ላይ ከቋጠራችሁት ተጠያቂው ይጠፋል።»

«እኔ ጋ የሚመጣው ልጅ እኮ አንተ ያመረትከውን ነው የበላው!» አለችው። «እ.ኤ.አ. በ2014 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። በዚህ ምዕተ ዓመት አጋማሽ አካባቢ ይደረስበታል በተባለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ያደገ ስንዴ፣ ለሰውነት የሚያስፈልጉት ማዕድናት፣ ዚንኩ 9 በመቶ፣ አይረኑ 5 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ሚዛን ላይ ብታወጣው ኩንታሉ ሙሉ ነው። ጉድለቱን የምታየው የልጁ ደም ሲመረመር ነው።»

ጥቂት ዝም አለና «ይሁን። ቀጥላችሁ ደግሞ ለአየር ንብረቱ ሲባል ሥጋ ቀንሱ ትላላችሁ። በዓመት አንዴ እንኳ የማያገኘው ልጅ ከምኑ ላይ ይቀንስ?» አላት።

«ለእሱማ ይጨመርለት እንጂ! ቀንስ የሚባለው ከልክ በላይ የሚበላው ነው።»

ስለ ልጁ የተናገረው እውነት ነው፤ ለጠገበውም ለተራበውም አንድ ዓይነት ትእዛዝ የሚሰጥ ፖሊሲ የተራበውን ይጎዳል። በተጠያቂነቱ ግን አልስማማም። ምርት የሚያቅደው መሥሪያ ቤት በሪፖርቱ ከኩንታሉ ጎን የዚንኩንና የአይረኑን ይዘት እንዲያሰፍር ቢገደድ፣ ማን ምን እንደጎደለው ይታወቃል። ዛሬ የሚቆጠረው ኩንታል ብቻ ስለሆነ ጉድለቱ የማንም አይደለም።

ሁለቱም ያላነሱት አንድ ነገር አለ፤ ብክነት። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ግምት፣ ለሰው ከሚመረተው ምግብ ሲሶው ያህል ይባክናል። በደንብ ሳይደርቅ ጎተራ የገባ በቆሎ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ይሻግታል፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ የጉበት ካንሰር ያመጣል። የተጣለው እህል ሲበሰብስ ደግሞ ሚቴን የተባለ አየሩን የሚያሞቅ ጋዝ ይለቃል፤ የታረሰው መሬትና የፈሰሰው ማዳበሪያም ከንቱ ቀረ። እህሉን ማድረቅ ግን ምግቡንም፣ ጉበቱንም፣ አየሩንም በአንድ ወጪ ያድናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ ለማድረቂያና ለጎተራ ይዋል፤ የጤናውም በጀት ድርሻውን ያዋጣ።