ሃምሳ ሎሚ በአውሮፕላን

የእህቴ ልጅ ጥር 23 ቀን አዲስ አበባ ላይ እንደሚዳር ጥሪው የደረሰን ገና በኅዳር ነበር። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በየብስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደጀን ላይ ወደ አባይ በረሃ ተወርዶ ጎሐ ጽዮን ላይ እስኪወጣ ድረስ እናቴ የምትደግመውን ውዳሴ ማርያም ብቻ ብንቆጥር መንገዱ ስንት እንደሆነ ይገባል፤ የቀረውን የመንገዱን ነገር አንባቢው ስለሚያውቀው አልዘረዝረውም። በአየር ግን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ተሰብስቦ «ርካሽ ከተገኘ በአየር» ሲል ወሰነ፤ ርካሹን የመፈለጉንም ሥራ፣ ስልኬ ከሁሉም ስለሚሰፋ፣ ለእኔ ሰጠኝ።

በኅዳር ዋጋው ደህና ነበር። ይሁን እንጂ በእኛ ቤት ዳንግላ ያለው አጎቴ ሳይጠየቅ እንኳን ቲኬት በግ አይገዛም። አጎቴ ደግሞ ነገር የሚቆርጠው ጾም ከተፈታ በኋላ ስለሆነ ገና እስኪደርስ ጠበቅን። ገና ሲያልፍ፣ ለጥምቀት የሚመጣውና ዐቢይ ጾም ሳይገባ ልጁን ለመዳር የሚጣደፈው አገር ሁሉ ቀድሞን ኖሮ፣ ዋጋው ሰማይ ነክቶ ጠበቀን። ስለ ጤፍም ስለ ቅቤም እንዲህ ስንል ኖረናል፤ አባባሉ ቦታውን ያገኘው ግን ያን ቀን ይመስለኛል።

አጎቴ ነገሩን ሲሰማ ራሱ ባሕር ዳር ድረስ መጥቶ ወደ ቲኬት ቢሮ ይዞኝ ሄደ። ከዘራውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ፣ በሬ ሊገዛ እንደቆመ ሰው ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ «በይ የኔ ልጅ፣ መጨረሻውን ንገሪኝ» አለ። ልጅቱ በትሕትና «አባባ፣ ዋጋውን የሚያወጣው ሲስተሙ ነው» አለችው። አጎቴ ጥቂት አሰበና «እሱንስ ማነጋገር አይቻልም?» ሲል ጠየቀ።

ሲስተሙ የማይነጋገር ቢሆንም የራሱ ሥርዓት አለው። ወንበሩ አንድ ዓይነት፣ የሚቀርበውም ውኃ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ዋጋው በደረጃ በደረጃ የተከፈለ ነው፤ በየደረጃው ያሉት ወንበሮች የተቆጠሩ ስለሆኑ ርካሾቹ ሲያልቁ ቀጣዩ ገዢ ወደ ላይ ይወጣል። ከሁሉ የከፋው ግን ቤተሰብ የሚያየው ፍዳ ነው። አምስት ወንበር ሲጠየቅና በርካሹ ደረጃ የቀረው ሦስት ብቻ ሲሆን፣ ሲስተሙ ሦስቱን በርካሹ፣ ሁለቱን በውዱ አያደርግም፤ አምስቱንም አንሥቶ ውዱ ላይ ይሰቅላቸዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን አያቶቻችን አየር ማረፊያ ሳያዩ የተረቱት መሆኑ የገባኝ፣ አንድ ሌሊት በስሕተት «አምስት» የሚለውን «አንድ» አድርጌ ዋጋው ሲወርድ ያየሁ ጊዜ ነው።

መፍትሔው ሦስቱን ለብቻ፣ ሁለቱን ለብቻ መቁረጥ ነበር፤ ነገር ግን ይህ እንደተነገረ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አጎቴ «በዚህ ዕድሜዬ ከርካሾቹ ጋር አልቆጠርም» ብሎ ተቆጣ። ሁሉም የየራሱን እንደሚከፍል ሲነገረው ግን፣ ትሕትና ክርስቲያናዊ ምግባር መሆኑን በሰፊው አስረድቶን ወደ ርካሾቹ ተዛወረ። ውዶቹ ሁለቱ እኔና ባለቤቴ ሆንን።

የቀረው ትንሹ ልጄ ነበር። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በጭን ላይ ስለሚሄድ የሚከፈልለት ጥቂት ነው፤ ሁለት ዓመት ከሞላው ግን የራሱን ወንበር ይይዛል፤ በጉዞው መካከል የሞላው እንደሆነም መመለሻው ላይ ወንበር ይገዛለታል። የእኛው ልጅ የተወለደው ጥር 21፣ በአስተርእዮ ማርያም ነው። የምንሄደው ጥር 19፣ የምንመለሰው ጥር 26 ነው። «በማርያም ቀን የተወለደ» እያለች ሁለት ዓመት ሙሉ ለጎረቤት ስትኮራበት የኖረችው እናቴ ሒሳቡን ሰምታ ዝም አለች፤ ቆይታም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የየካቲቷ ኪዳነ ምሕረትም እኮ እመቤታችን ናት» አለችኝ። የልደት የምስክር ወረቀቱ እንደ እናቴ ሆደ ሰፊ ባለመሆኑ የመመለሻውን ወንበር ገዛን።

ስለ ሻንጣው ብዙ አልልም። ለሙሽራው ቤት የተዘጋጀው ግማሽ ኩንታል ማኛ ጤፍ የትርፍ ሚዛኑ ሲታሰብ አዲስ አበባ ከሚሸጠው ጤፍ ስለበለጠ፣ ማርና ድርቆሽ ብቻ ይዘን ጤፉ ቤት ቀረ። አጎቴም ቲኬቱ ላይ 06:50 የሚለውን ቀትር ላይ ነው ብሎ ከዳንግላ በዕለቱ ጠዋት ሊነሣ አስቦ ኖሯል። በፈረንጅ አቆጣጠር ንጋት ላይ፣ 12 ሰዓት ከ50 መሆኑን የነገርሁት በዋዜማው ማታ ነው፤ በዚያው ሌሊት በኮንትራት መኪና ሲመጣ የከፈለው፣ ከርካሾቹ ጋር በመቆጠሩ ካተረፈው በለጠ።

ሠርጉ አምሮ አለፈ። ስንመለስ አስተናጋጇ ልጁን በገዛ ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ቀበቶውን አሰረችለት። የቀበቶው መብራት እንደጠፋ ግን ተንሸራትቶ ወርዶ እናቴ ጭን ላይ ወጣና እንቅልፉን ለጠጠ። አባይን ስንሻገር ወደ ጎን ዞር ብዬ አየሁ፤ በዚያ ሁሉ ምክክር የተገዛው ወንበር ላይ የእናቴ ነጠላ ታጥፎ ተቀምጧል።