ቁጭ ማለት በስንት ነው?

የአውሮፕላን ትኬቱ 19 ዩሮ ነበር። መሄጃው ብቻ። መመለሻው 22። ጓደኛዬ እኩለ ሌሊት ላይ የዶርሜን በር አንኳክቶ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቀነ። «ሮም በ19 ዩሮ! ተነስ፣ ካርድህን አምጣ!» አለኝ። ለትምህርት ከመጣሁ ገና ስድስት ወሬ ነው። በነዚህ ወራት ያየሁት አውሮፓ ቤተ መጻሕፍት፣ ሱፐርማርኬትና ዝናብ ነው። ካርዴን አመጣሁ።

ጓደኛዬ የሚማረው አካውንቲንግ ስለሆነ ሂሳብ ሹም እለዋለሁ። ትኬቱን ሲቆርጥ ድረ ገጹ እንደ መርማሪ አጣደፈው። መኪና ትከራያለህ? ኢንሹራንስ ትገባለህ? ቀድመህ ትሳፈራለህ? በመጨረሻ «ወንበርዎን ይምረጡ» አለ። መምረጥ 8 ዩሮ ነው። ሂሳብ ሹም «ወንበር ወንበር ነው» ብሎ አለፈው። እኔን 4ኛ ረድፍ፣ እሱን 29ኛ ረድፍ መደቡን። ሁለታችንንም መሀል ወንበር ላይ። ያን ጊዜ አልገባኝም እንጂ ስለ መቀመጥ የምማረው ትምህርት እዚያው ላይ ተጀምሮ ነበር።

የተፈቀደው ሻንጣ 40 በ20 በ25 ሳንቲ ሜትር ነበር። ይሄ ሻንጣ አይደለም፤ ምሳ ዕቃ ነው። ስለዚህ ሦስት ሸሚዝ፣ ሁለት ሱሪና አንድ ጃኬት ደርቤ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ወፍራም ልጅ ነው ብለው ጥግ ድረስ ተጠጉልኝ። አውሮፕላኑ ሞቆ አንድ በአንድ ማውለቅ ስጀምር ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ቋንቋው አላሳሰበኝም ነበር። ጣሊያንኛማ ግማሹን ከአማርኛ ጋር ለምጄዋለሁ ብዬ ነው የተነሳሁት። አውቶቡስ የሚቆምበት ላይ «ፌርማታ» ተብሎ ተጽፎ ሳይ ደግሞ ደረቴ ተነፋ። ችግሩ፣ ቁጭ ብዬ ስቆጥረው የማውቀው ጣሊያንኛ ሁሉ የጋራዥ ነው። ካቻቢቴ። ፒንሳ። ጎማ። ፍሪሲዮን። መኪና ቢበላሽብኝ ሮምን አንቀጠቅጣታለሁ፤ ራበኝ ለማለት ግን ቃል የለኝም። ባቡር ጣቢያው አካባቢ በየሱቁ በር ላይ «ካምቢዮ» የሚል ሳነብ፣ «እዚህ አገር የመኪና ካምቢዮ ምን ያህል ቢበላሽ ነው?» አልኩት ሂሳብ ሹምን። ለካ ገንዘብ መመንዘሪያ ነው።

ጣቢያው ቴርሚኒ ይባላል። ፊት ለፊቱ ያለው ሰፊ አደባባይ ደግሞ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ። (ሮም ውስጥ አደባባይ ሁሉ ፒያሳ ነው። «ፒያሳ እንገናኝ» ብሎ መቀጣጠር አይሞከርም።) የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። የየትኞቹ አምስት መቶ? በፈረንጆቹ 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው ናቸው። ገና ከአውቶቡስ ሳልወርድ ታሪካችን ጣቢያ ድረስ ወጥቶ ተቀበለኝ። እዚያው አቅራቢያ ትንሽ አትክልት ቦታ ውስጥ መታሰቢያቸው ቆሟል። ድንጋዩ የግብፅ ነው፤ የፈርዖኑ የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት። አፍሪካን ሊወስዱ ሄደው ለቀሩ ወታደሮች፣ ከአፍሪካ በተወሰደ ድንጋይ ተዝካር አወጡላቸው። መሳቅ አምሮኝ ነበር። ግን የምናድረው እዚያው ሰፈር ስለሆነ ጎረቤት ማስቀየም አልፈለግኩም።

ሆስቴሉ ስምንት አልጋ ባንድ ክፍል ነው። አንዱ ሰውዬ የሚያንኮራፋው በካምቢዮ ነው። ከአንደኛ ማርሽ ተነስቶ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራተኛ ይገባል። እንግዳ መቀበያው ላይ ደግሞ በኢንተርኔት ከከፈልነው ሌላ የከተማ ግብር ክፈሉ ተባልን። በአዳር፣ በነፍስ ወከፍ። ሂሳብ ሹም ስልኩ ላይ ያለውን መዝገብ ከፈተ። ለሁለት ቀን የያዝነው በነፍስ ወከፍ 60 ዩሮ ነው። 53 ሆነ። ከተማዋን ገና አላየናትም።

እኔ የተቃጠልኩት በቡናው ነው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሙሉ በእግር ዞረን አንድ ካፌ ደረስን። ሂሳብ ሹም በቀጥታ ወደ ባንኮኒው ሄዶ ቆሞ አዘዘ። እኔ የሰው ልጅ ነኝና ውጪ ካሉት ወንበሮች አንዱን ስቤ ቁጭ አልኩ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ አስተናጋጅ ከች አለ። «ማኪያቶ» አልኩት። (ይህቺን ያለ አስተርጓሚ እችላታለሁ።) መጣች። ሁለቴ ፉት ስላት አለቀች። ሂሳቡ 4.50 ይላል። ሂሳብ ሹም ባንኮኒው ጋ ያንኑ ማኪያቶ በ1.20 ጠጥቶ በመስታወቱ በኩል ያየኛል።

ለካ ዋጋው ሁለት ነው። ለቆመ ሌላ፣ ለተቀመጠ ሌላ። ግድግዳው ላይ በግልጽ ተለጥፏል። ጣሊያኖቹ ራሳቸው ቡና የሚጠጡት ነዳጅ እንደሚቀዳ ሰው ነው። ገቡ፣ ጨለጡ፣ ወጡ። እኔ ደግሞ ቡና ማለት ጎረቤት ተጠርቶ፣ ሰው ታምቶ፣ ሦስት ጊዜ የሚጠጣ ነገር ነው ብዬ ያደግኩ ልጅ ነኝ። በዚያ ሒሳብ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ቢባል 13.50 ዩሮ ነው። ሐሜቱ ሳይታሰብ።

ከተከፈለ አይቀር ብዬ አልነሳም አልኩ። ባዶ ሲኒ ይዤ 45 ደቂቃ ተቀመጥኩ። አስተናጋጁ ሲኒዋን ሊያነሳ ሦስት ጊዜ መጣ፤ ሦስቴም ወደ አፌ አስጠጋኋት። ሂሳብ ሹም በዚህ መሀል 41 ፎቶ አነሳኝ። «አይዞህ፣ ወንበሩ በደቂቃ ሰባት ሳንቲም ነው የገባልህ» ብሎ አጽናናኝ።

ከዚያ በኋላ ቆመን ለመኖር ወሰንን። እግር ግን የራሱ ሐሳብ አለው። ከሰዓት በኋላ የስፔን ደረጃዎች የሚባሉት ጋ ስንደርስ ከመቶ በላይ ሰፋፊ የድንጋይ ደረጃ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ጠበቀን። የሠራው ሰው ለመቀመጫ ብሎ እንጂ ለመውጫ ብሎ የሠራው አይመስልም። ሦስተኛው ላይ ጎንበስ ከማለቴ ፊሽካ ተነፋ። ፖሊስ ነው። ከፈረንጆቹ 2019 ጀምሮ እዚያ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው። ቅጣቱ እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል። አራት መቶ! የጠዋቱ ካፌ ድንገት የበጎ አድራጎት ድርጅት መስሎ ታየኝ። አጠገቤ አንዲት ሴትዮ የጫማቸውን ማሰሪያ ሊያስሩ ቁጢጥ አሉ። ፊሽካ። አንድ ሕፃን ወደቀ። ፖሊሱ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከተተና ትንሽ አመነታ።

በነፃ መቀመጫ ያለው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። በዚያች ቀን ያሳየነውን መንፈሳዊነት እናቴ ብታይ ታለቅስ ነበር። አምስት ቤተ ክርስቲያን ተሳለምን። ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ የሚባለው ውስጥ ካራቫጆ የሳላቸው ሦስት የቅዱስ ማቴዎስ ሥዕሎች አሉ። በነፃ ነው የሚታዩት። ማለቴ፣ ጨለማው ነፃ ነው። መብራቱ እንዲበራ ሳንቲም ሳጥን ውስጥ ይከተታል፤ ትንሽ ያበራና ድርግም ይላል። ስንደርስ ሃያ የሚሆን ሰው ጨለማ ውስጥ ቆሟል። ሁሉም የሚጸልይ መስሎ ሌላ ሰው እስኪከት ይጠብቃል። እኛም ጸሎቱን ተቀላቀልን። በመጨረሻ አንድ አዛውንት ቱሪስት ተሸነፉና ሳንቲም ጣሉ። ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ቀና አለ። አንዱ ሥዕል ቅዱስ ማቴዎስ ገና ቀራጭ ሳለ፣ ገንዘብ የሚቆጠርበት ጠረጴዛ ጋ ሲጠራ ያሳያል። ሂሳብ ሹም «የሙያ ባልደረባዬ» አለና መብራቱ እስኪጠፋ ዓይኑን አልነቀለም።

ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካም መግቢያው ነፃ ነው፤ ጉልበት ግን መሸፈን አለበት። ሂሳብ ሹም በቁምጣ ነው የመጣው። የሁለተኛው ሱሪዬ ጥቅም የታየው እዚህ ላይ ነው። ከባዚሊካው ጀርባ፣ ቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ ከፈረንጆቹ 1479 ጀምሮ የሐበሻ መነኮሳት ይኖሩበት የነበረ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በር ላይ ለቆመው የስዊስ ዘብ «ዘመዶቼ ጋ ነው» ልለው ፈልጌ ነበር። ካቻቢቴና ፒንሳ ይዤ ግን የት እደርሳለሁ?

ምሳ ፒዛ ነው። ዋጋው 1.90 ይላል። ደስ አለን። ሰውዬው ቢላውን ፒዛው ላይ አድርጎ «እስከዚህ?» በሚል ዓይን አየኝ። «ትንሽ ወደዚህ» አልኩት በእጄ። «ትንሽ ወደዚህ።» በመቀስ ቆረጠና ሚዛን ላይ ጣለው። 11.40። ለካ 1.90 የመቶ ግራም ዋጋ ነው። የፒዛ ወርቅ ቤት መግባታችንን ማን ነገረን? በላነው። ቆመን።

ውሃ ግን ነፃ ነው፤ ሮማውያንን እዚህ ላይ አመሰግናለሁ። ከተማው ውስጥ ናዞኒ የሚባሉ ከሁለት ሺህ በላይ የመንገድ ዳር ቧንቧዎች አሉ። ትልልቅ አፍንጫዎች ማለት ነው። ቀንና ሌሊት ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሳሉ። ጫፉን በጣት ድፍን ሲያደርጉት ከላይ ባለች ቀዳዳ ወደ አፍ ይፈናጠራል ይላሉ። የእኔው ወደ አፍንጫ ሄደ።

ማታ ፎንታና ዲ ትሬቪ ሄድን። ጀርባ ሰጥቶ በቀኝ እጅ በግራ ትከሻ ላይ ሳንቲም የጣለ ሰው ወደ ሮም ይመለሳል ይባላል። በቀን 3,000 ዩሮ ገደማ ይጣልበታል፤ ተሰብስቦ ለችግረኞች መርጃ ይውላል። ሂሳብ ሹም «ለችግረኛ ከሆነማ በሌላኛው መስኮት እንሰለፍ» አለ። በኋላ ግን አንድ ሳንቲም፣ የዩሮን መቶኛ፣ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ወረወረ። በዚያ ዋጋ የሚመልሱት እስከ ኤርፖርቱ በር ነው።

በማግስቱ እሑድ ነው። ኮሎሴየም በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነፃ ነው። የቫቲካን ሙዚየም በየወሩ የመጨረሻ እሑድ ነፃ ነው። እኛ የሄድነው በሁለተኛው እሑድ ነው። ትኬቱ 19 ዩሮ የሆነበት ምሥጢር ያን ጊዜ ተገለጠልኝ።

ኮሎሴየም 18 ዩሮ ነው። ከ18 እስከ 25 ዓመት ለሆናቸው የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ግን 2 ዩሮ። እኔ 23 ዓመቴ ነው። ዕድሜዬ ገብቷል፤ ፓስፖርቴ ውጪ ቀርቷል። የሚያናድደው፣ በፈረንጆቹ 80 ዓ.ም. ቄሣር ቲቶ ሲያስመርቀው የሮም ድሃ በነፃ ነበር የሚገባው። ላይኛው እርከን ላይ ይሁን እንጂ ገብቶ ያይ ነበር። እኛ እንደ ተሳላሚ ሦስት ጊዜ ዞርነው። ከውጪ በኩል እያንዳንዱን ድንጋይ አውቀዋለሁ። ስለ ውስጡ አትጠይቁኝ።

ከዚያ ትንሽ ወረድ ብሎ ፖርታ ካፔና የሚባል ሌላ ፒያሳ አለ፤ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት። የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚህ ነበር። በፈረንጆቹ 1937 ወሰዱት። በ1947 እንመልሳለን ብለው ፈረሙ። የመለሱት በ2005 ነው። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል የሚለው ተረት እዚህ ሰፈር የተተረተ ይመስለኛል። ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ 160 ቶን ገደማ። ለሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ነው አገሩ የገባው። ሂሳብ ሹም የቆመበትን ቦታ ትክ ብሎ አየና ስልኩን አወጣ። ልቡ የተነካ መስሎኝ ነበር። «በእኛ አየር መንገድ ቢሆን ትርፍ ኪሎው ስንት ይመጣ ነበር?» እያለ ያባዛል።

የሌለ ሐውልት ለማየት የመጣን ቱሪስቶች እኛ ብቻ ነን። ወረፋ የለም። ትኬት የለም። ማዶ ጥንት ሠረገላ ይሽቀዳደምበት የነበረው ቺርኮ ማሲሞ አለ፤ አሁን ሰፊ ሣር ነው። ሄደን ሣሩ ላይ ቁጭ አልን። ዙሪያዬን አየሁ። ፊሽካ የለም። አስተናጋጅ የለም። ጫማዬን አወለቅኩና ተንጋለልኩ። ጥሩ ሁለት ሰዓት ተኛሁ።

የሄድኩበትን ሁሉ ለማሳየት አንድ ፎቶ ለጠፍኩ። የቱን? የ4.50ውን ነዋ! ወንበሩ ላይ ተንፈላስሼ፣ እግሬን አጣምሬ፣ ባዶዋን ሲኒ ይዤ። አጎቴ ወዲያው ጻፉልኝ። «ተመስገን! ልጃችን ሮም ቁጭ ብሎ ቡና ለመጠጣት በቃ። እንግዲህ ደልቶሃልና ለአጎትህ አንድ ላፕቶፕ አታጣም።»

ለሂሳብ ሹም አሳየሁት። አንብቦ መዝገቡን ዘጋ።

«ቆመህ የተነሳኸውን ብትለጥፍ ኖሮ ስልክ ብቻ ነበር የሚጠይቁህ» አለኝ። «ላፕቶፑ የመቀመጫው ነው።»